መዋጮው የዓመት፣ ሰውየው የስድስት ወር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በዓመቱ አጋማሽ አገሩን ለቅቆ ለሥራ ስለሚሄድ ሰውና ስለ ጤና መድኅን መዋጮው ነው። ነገሩ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጆች እንግዳ አይደለም። ለንግድና ለቀን ሥራ አዲስ አበባ መሄድ፣ ለመስቀልም መመለስ የቆየ ልማዳችን ነውና።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡም መድኅኑ ውል በገባበት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር በሆስፒታል ይታከማል። ሚስትና ልጆች እቤት ከቀሩ መዋጮው ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን በጥር ከፍሎ በሰኔ መርካቶ የገባ ብቸኛ ወጣት እዚያ ቢታመም፣ የወረዳው መታወቂያ ብዙ ጊዜ አይሠራለትም፤ ከኪሱ ይከፍላል።

በሌላ አገርስ? በአሜሪካ ከ2014 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በታክስ ይቀጣ ነበር። ቅጣቱ ግን የሚታሰበው በወር ነበር፤ ከሦስት ወር ያነሰ ክፍተት ይታለፋል፤ ለታክስ እንደ ነዋሪ የማይቈጠር የውጭ አገር ሠራተኛም አይቀጣም ነበር። ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ቁም ነገሩ፣ ሕጉ መንገደኛ ሰው መኖሩን ማሰቡ ነው።

ታዲያ እኛም የሚሄደውን ከመዋጮ ነፃ እናድርገው? እኔ በዚህ አልስማማም። የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ነው። እርሱ ከወጣ የሚቀሩት ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ናቸው፤ የሚታከም በዝቶ የሚያዋጣ ሲያንስ ሣጥኑ ይራቆታል። የሚሻለው መድኅኑ ሰውየውን እንዲከተለው ማድረግ ነው። የወልቂጤው መታወቂያ በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ይታወቅ፤ ሒሳቡንም ወረዳና ከተማ እርስ በርስ ያወራርዱት።

አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለአገራቸው መንገድ ማሠሪያ ገንዘብ አዋጥተዋል። ከሩቅ ሆኖ ማዋጣት ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የጐደለው የከፈለበትን ባለበት ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን በየቀበሌያችን ይህን ጥያቄ እናንሣ፤ መልሱንም ይዘን እንመለስ።