የሚያጥር ክር ሳይኖር የሚያጥር ጡንቻ፦ ስለ አጥንት ጡንቻ አወቃቀርና አኮማተር



ስለ አጥንት ጡንቻ እንድናገር ስጋበዝ፣ ጉዳዩ በፊዚዮሎጂ ትምህርት መግቢያ ላይ የሚሰጥ በመሆኑ «ይህንንማ ጨርሰነዋል» የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ አውቄ ነበር። ስለዚህ የስሞቹን ዝርዝር ለመማሪያ መጻሕፍቱ ትቼ በአንድ ጥያቄ ላይ አተኩራለሁ፦ ጡንቻ ኢነርጂ የሚያስፈልገው ለመሳብ ብቻ ነውን? ብዙ ሰው መሳብ ዋጋ የሚያስከፍል፣ መላላት ግን በነጻ የሚገኝ ዕረፍት ይመስለዋል። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሒሳብ እንዲህ አይደለም።

አወቃቀሩን ባጭሩ እንለፈው። በሰው አካል ውስጥ ከ600 በላይ የአጥንት ጡንቻዎች አሉ፤ ከአዋቂ ሰው ክብደት 40 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ጡንቻ የፋይበሮች ነዶ ነው። እያንዳንዱ ፋይበር ብዙ ኒውክለስ ያለው አንድ ሕዋስ ሲሆን፣ በውፍረቱ ከፀጉር ጋር ቢስተካከል እንኳ ርዝመቱ በሴንቲሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል። በፋይበሩ ውስጥ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ማዮፊብሪሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ብሩህና ጥቁር ቀበቶዎች ይፈራረቁባቸዋል። በየብሩሁ ቀበቶ መካከል ዜድ የሚባል ቀጭን መስመር አለ፤ ከአንዱ የዜድ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ክፍል ሳርኮሜር ይባላል። የሳርኮሜር ርዝመት በዕረፍት ጊዜ ከ2 ማይክሮሜትር ጥቂት ይበልጣል። መካከሉን 1.6 ማይክሮሜትር የሚረዝሙት የሚዮሲን ወፍራም ክሮች ይዘውታል፤ ከሁለቱም ጫፍ ደግሞ አንድ ማይክሮሜትር ያህል የሚረዝሙ የአክቲን ቀጭን ክሮች ከዜድ መስመር ተነሥተው ወደ መካከል ይገባሉ።

ታዲያ ሳርኮሜሩ ሲያጥር የሚያጥረው ምኑ ነው? እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰፍኖ የነበረው አስተሳሰብ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ይታጠፋሉ ወይም ይጨማደዳሉ የሚል ነበር። (የእኛም ቃል «መኮማተር» ይህንኑ ምስል ያስከትላል፤ ጆሮ የለመደው ስለሆነ እጠቀምበታለሁ እንጂ ለነገሩ የሚመጥን ሆኖ አይደለም።) በግንቦት 1954 እ.ኤ.አ. ኔቸር የተሰኘው መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ጽሑፎችን አወጣ። አንዱ የአንድሩ ሃክስሊና የሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሌላው የሂዩ ሃክስሊና የጂን ሃንሰን ነበር፤ ሁለቱ ሃክስሊዎች ዝምድና የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሕይወት ያለውን የእንቁራሪት ፋይበር፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ከጥንቸል ጡንቻ የተለዩ ማዮፊብሪሎችን መርምረው ወደ አንድ መደምደሚያ ደረሱ፦ ጡንቻው ሲያጥር ጥቁሩ ቀበቶ ርዝመቱን አይለውጥም፤ የሚጠበው ብሩሁ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያጥር ክር የለም። የሁለት እጆች ጣቶች አንዱ በሌላው መካከል ጠልቆ እንደሚገባ፣ ቀጭኑ ክር በወፍራሙ ላይ ይንሸራተታል።

ሐሳቡ ወዲያው በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ አሳማኝ ሆኖ የሚታየኝ ማስረጃ በ1966 የታተመው የጎርደን፣ የሃክስሊና የጁሊያን ሥራ ነው። የእንቁራሪት ሳርኮሜር ከ2.0 እስከ 2.2 ማይክሮሜትር ሲሆን ኃይሉ ከፍተኛ ነው፤ ወደ 3.65 ማይክሮሜትር ሲለጠጥ ግን ኃይሉ ዜሮ ይሆናል። ቁጥሩን አስሉት፦ 3.65 ማለት ሁለቱ የክር ዓይነቶች ጨርሶ የማይደራረቡበት ርዝመት ነው። የማይነካኩ ክሮች አይሳሳቡም።

የሚስበው ከወፍራሙ ክር ጎን የወጣው የሚዮሲን ራስ ነው። ራሱ አክቲንን ይይዛል፣ ጎንበስ ብሎ ክሩን ጥቂት ናኖሜትር ይጎትታል፤ ከዚያም ተጣብቆ ይቀራል። የሚያላቅቀው አዲስ የኤቲፒ ሞለኪውል መጥቶ ሲያርፍበት ብቻ ነው። ኤቲፒው ከተላቀቀ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የሚገኘውም ኢነርጂ ራሱን ለሚቀጥለው ጉተታ ያዘጋጀዋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ኤቲፒ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሆነው መሳብ ሳይሆን መልቀቅ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ደግሞ በካልሲየም በኩል ነው። ከነርቭ የመጣው ትእዛዝ በፋይበሩ ሽፋን ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከተባለው ማከማቻ ካልሲየም ይፈስሳል። ካልሲየሙ በጃፓን ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ ለይተው ባወጡት በትሮፖኒን ላይ ሲያርፍ፣ የአክቲንን ገጽ ሸፍኖ የነበረው ትሮፖሚዮሲን ፈቀቅ ይላል፤ ሚዮሲንም መንገድ ያገኛል። ካልሲየሙ ከማከማቻው ሲወጣ ቁልቁል እንደሚወርድ ውኃ ነው። ሲመለስ ግን ዳገት ነው፤ ፓምፑ ሁለት የካልሲየም አዮኖችን ለመመለስ አንድ ኤቲፒ ይከፍላል። ጡንቻ የሚላላው ይህ ሂሳብ ሲከፈል ነው።

ክፍያው ሲቋረጥ የሚሆነውን ለማየት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። በበዓል ማለዳ በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲከፋፈል፣ ከተቆረጠው ሥጋ አንዳንዱ ሲንቀጠቀጥ ያላየ ከመካከላችሁ ጥቂት ይመስለኛል። በሬው ሞቷል፤ ሕዋሱ ግን ኤቲፒ አልጨረሰም፤ ይስባል፣ ይለቃልም። ትኩስ ቁርጥ የሚለሰልሰውም ለዚሁ ነው። ከሰዓታት በኋላ ኤቲፒው ሲያልቅ የሚዮሲን ራሶች አክቲንን እንደያዙ ይቀራሉ፤ ሥጋው ይደርቃል። የአስከሬን መድረቅም ይኸው ነው፤ ጡንቻው የደረቀው መልቀቂያ ስላጣ ነው። በኋላ ተመልሶ የሚለሰልሰው ደግሞ ራሶቹ ስለለቀቁ ሳይሆን ኢንዛይሞች የክሮቹን ማያያዣ ስለሚቆራርጡ ነው። ትኩሱን ሥጋ ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ለምን እንደሚያጠነክረውም ከዚህ ይገኛል፦ ብርዱ የካልሲየሙን ፓምፕ ያዳክማል፤ ኤቲፒ ገና ስላለ ግን ጡንቻው እየሳበ ያጥራል።

ይህ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። በማከማቻው የካልሲየም በር ጂን ላይ በውርስ የሚተላለፍ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች አሉ። በዕለት ተዕለት ኑሯቸው አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። እንደ ሃሎቴን ያለ የማደንዘዣ ጋዝ ወይም ሱክሲኒልኮሊን የተባለው ጡንቻ አላይ መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ሚዮሲኑ ይስባል፣ ፓምፑም ካልሲየሙን ለመመለስ ይታገላል፤ ሁለቱም ኤቲፒ ያነድዳሉ። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይንራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ መንጋጋና እጅ እግር ይደርቃል፣ ሙቀቱም ይወጣል። ማደንዘዣ ለምታጠኑ አንድ ነገር አሳስባለሁ፦ ትኩሳቱን አትጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መናር ይቀድመዋል።

ዳንትሮሊን የተባለው መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ይህ ቀውስ ከደረሰባቸው ሰዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር፤ መድኃኒቱ ቶሎ በሚገኝበት ቦታ ዛሬ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ዳንትሮሊን ሚዮሲንን አይነካም፣ ነርቩንም አያግድም። የሚሠራው በዚያው በካልሲየሙ በር ላይ ነው። ሃሎቴን በአገራችን ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ማደንዘዣ እንደመሆኑ፣ በየሆስፒታላችሁ መደርደሪያ ላይ ዳንትሮሊን መኖር አለመኖሩን ሄዳችሁ ጠይቁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።