ከመቱ ማዶ፣ በባሮ ቆላ

ከመቱ በጎሬ አልፎ ወደ ባሮ ቆላ የሚወርደው መንገድ፣ ቀድሞ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው ጋምቤላ ያደርሳል። በዚያም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች እምነታቸውን ይዘው ስለ ተሻገሩ፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በኑዌር፣ በአኝዋክና በኦፖ ቋንቋዎች ይጸልያሉ፤ ከበሮው ተመትቶ ዝማሬው ሲያበቃ ስብከቱን ላልሰማው ወገን አስተርጓሚ ያሰማዋል። እረኝነቱ ግን ከባድ ነው፤ በኑዌርና በአኝዋክ መካከል ደም በፈሰሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሁለቱንም ሐዘንተኞች ማጽናናት አለባትና። ለዚህ አገልግሎት ካህናትን የሚያሠለጥነው የጋምቤላው የነገረ መለኮት ኮሌጅ፣ በባዕድነት መጥተው የአክሱም ጳጳስ በሆኑት በቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ በእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስም መሰየሙ እጅግ የተገባ ነው። አጥቢያዎቹ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ የሚተዳደሩት በእስክንድርያ የአንግሊካን ጠቅላይ ሀገረ ስብከት ሥር ሲሆን፣ አባ ሰላማም ጵጵስናውን የተቀበሉት ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነበር።