ሚስጥር ቁጥሩ የማን ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



ስለ ስልክ ተናገሪ ተብያለሁ። የስልክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ግን ስልክ ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማይለይ ነገር ስለሆነ የራሴ አስተያየት አለኝ። የማይስማማችሁ ካለ ቡናው ሲቀርብ እንከራከራለን።

ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ዛሬ አሞራ ገደል መጥቶ ጥብሱን በዳጣ የበላ ደንበኛ ስልኩን ነው የሚያወጣው። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባል ነበር፤ አሁን ገንዘቡ ራሱ በሰማይ ይሄዳል። እኔ ወድጄዋለሁ። ማታ ጥሬ ብር ይዤ አልጓዝም፤ ጠዋት ዓሣ ላመጣልኝ ሰው ባለሁበት እከፍላለሁ፤ «ዝርዝር የለኝም» የሚባል ጭቅጭቅም ቀርቷል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ ከተቀመጥነው መሀል ሚስጥር ቁጥሯን ራሷ ብቻ የምታውቅ ስንት ናት? እጅ አውጡ አልልም። በልባችሁ መልሱ።

የብዙዎቻችንን ቁጥር ያወጣው ልጃችን ነው፤ ወይ ባላችን ነው፤ ወይ የሰፈር ስልክ ቤት ያለ ወጣት ነው። ሂሳብ የሚያዩልንም እነሱ ናቸው። እናቶቻችን ብራቸውን በመቀነት ይቋጥሩ ነበር። «መቀነቴን ፍታና ቁጠርልኝ» የምትል እናት አይቼ አላውቅም። መቀነት የደፈረ ሰው በሰፈሩ ይታማ ነበር። የዛሬው መቀነት ያቺ ስድስት ቁጥር ናት። ታዲያ ምነው ለሁሉ ፈታናት?

ነገሩ ሂሳብ በማየት ብቻ አያበቃም። ከ2014 ጀምሮ በቴሌብር መበደር ይቻላል። ስለዚህ ቁጥሩን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ሊበደርም ይችላል። ዕዳው የሚጻፈው ቁጥሩን በነካው ጣት ላይ አይደለም፤ በእናንተ ላይ ነው።

«ባልና ሚስት ምን ሚስጥር አላቸው?» የምትሉኝ አላችሁ። ሂሳብ መደበቅ ሌላ፣ ቁልፍ መያዝ ሌላ። እኔ የሸጥኩትን ለባሌ እነግረዋለሁ፤ እሱም ያገኘውን ይነግረኛል። ቁጥሬ ግን የኔ ነው። ፍቅር ነው ካላችሁ አንድ መመዘኛ አለኝ፤ እናንተስ የእሱን ቁጥር ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ነገሩ መተማመን ሳይሆን ልማድ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላት ይናገራል። የማያስጨንቅ ባል ይህን ሲሰማ አይከፋውም።

ለምን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ካላችሁ፣ ትልቁ ምክንያት ማንበብ ነው። መልእክቱ ሲመጣ ካላነበብነው ስልኩን አሳልፈን እንሰጣለን፤ ከስልኩ ጋር ሚስጥሩም ይሄዳል። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ ቆይቶ ሲዳምኛና ወላይትኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ሁሉም የተጻፉት በፊደላችን ነው። ያኔ የተማሩ እናቶች ዛሬም «ሀ ሁ»ን ይለያሉ። ልጆቻችን ደግሞ ሲዳምኛን በላቲን ነው የሚማሩት፤ አማርኛውን እንኳ ለእናታቸው በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እናት አማርኛ እያወቀች የልጇን አማርኛ ማንበብ አቃታት! ላቲን አይማሩ አላልኩም፤ ይማሩ። ግን ለእናት ሲጻፍ እናት በምታነበው ፊደል ይጻፍ። ይህን ለልጆቻችሁ ዛሬ ንገሯቸው።

ሌላው ነገር «ልኬያለሁ» ነው። ደንበኛው ስልኩን አዙሮ ያሳየናል፤ እኛም ዓሣውን እንጠቀልላለን። በሰው ስልክ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ብር አይደለም፤ ትናንት የተላከም፣ የተቀባባም ሊሆን ይችላል። ከ127 የመጣውን መልእክት በራሳችሁ ስልክ ላይ እዩ፤ ካላመናችሁ *127# ደውላችሁ ሂሳባችሁን ተመልከቱ። እውነተኛ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይቀየምም። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ቁጥርሽን ንገሪን» ለሚል ደግሞ መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። ብር ለመቀበል ሚስጥር ቁጥር መናገር አያስፈልግም።

ስለ መዋብም አንድ ልበል። ጸጉር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ስልክ ላይ ያዩትን ሹሩባ እያሳዩ «እንደዚህ ሥሪኝ» ይላሉ። ደስ ይላል፤ ሥራ ነው። የሚያሳስበኝ ስልኩ አቅልቶ ያሳየውን ፊት በቅባት ለማምጣት የሚደረገው ሩጫ ነው። ስሙና የተሠራበት የማይታወቅ የማቅያ ቅባት ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። በስልክ የሚሸጥላችሁ ሰው ኩላሊታችሁን አያሳክምም። የሐይቅ ዳር ፀሐይ ያጠቆረው ፊት የሠራ ሰው ፊት ነው።

ወሬም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ «ነገ ዘይት ይጠፋል» የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ ይዞር ነበር። ኑሮው በእርግጥ ከብዷል፤ ግን በድንጋጤ የገዛ ሰው በውድ ነው የገዛው። ማን እንዳለው ያላወቅነውን አናስተላልፍ። በተለይ ብሔርን ከብሔር የሚያጋጭ ወሬ ከኛ ስልክ አይውጣ። እዚህ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው በአንድ ሳጥን ነው የሚቆጥበው።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ። መዋጮ በስልክ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እስማማለሁ፤ ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከመጪው ስብሰባ ጀምሮ ቡና ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት እንማር፤ መልእክት መክፈት፣ ሂሳብ ማየት፣ ሚስጥር ቁጥር መቀየር። ወጣቶቹ አባላት ያስተምሩን፤ ግን ጣታችንን ይዘው ሳይሆን እኛ እየነካን። ሁለተኛ፣ በስልክ የገባው ብር በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በደብተርም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በስልክ የከፈለችም ከስብሰባ አትቅር።

ሦስተኛው ላይ የምጸናው ያለ ምክንያት አይደለም። የሲዳማ እናቶች ያካ አላቸው። አንዲት ሴት ስትበደል ሲቆአቸውን ይዘው በአንድነት ይነሳሉ። የሚነሱት መበደሏን ስለሚያውቁ ነው፤ የሚያውቁትም ስለሚተያዩ ነው። መዋጮዋ በሰዓቱ የገባላት ሴት ፊቷ አብጦ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ብሯ ደርሷል፤ እሷ ግን የለችም። ስልክ ይህን አይነግረንም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የቀረች አባል ካለች፣ መዋጮዋ ቢገባም ባይገባም፣ ሁለታችን ቤቷ ሄደን በሯን እናንኳኳ።

ዛሬ ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሚስጥር ቁጥራችሁን ቀይሩ። የልደት ቀን አታድርጉት፤ ልጆቻችሁ ያውቁታል። በወረቀት ጽፋችሁ ስልኩ ሽፋን ውስጥም አትክተቱት። መቀየር የከበዳት ካለች ቡናው እስኪፈላ እዚህ አለሁ።