አራቱ እዚያው ቀሩ
(ሆለታ ላይ በተደረገው የባቻችን የመገናኛ ምሳ ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «አስር ደቂቃ፣ ስለ ሕክምና ያልሆነ ነገር» ብለውኛል። አስር ደቂቃውን ለመጠበቅ እሞክራለሁ፤ ሁለተኛውን ግን የምችል አይመስለኝም።

የማወራው ስለ ዋልያስ ባንድ ነው። አባቴ በዚሁ በአምቦ መንገድ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ካሴት ብቻ ነበረው፤ አንዱ የማህሙድ አህመድ፣ ሌላው ዘፋኝ የሌለው። ልጅ ሆኜ ዘፋኝ የሌለው ያናድደኝ ነበር። «አባዬ፣ መቼ ነው የሚዘፍኑት?» እለዋለሁ። «እየዘፈኑ እኮ ነው» ይለኛል።

ያ ካሴት ካይፋ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሳተመው «ቼ በለው» ከተባለው ሸክላ የተቀዳ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ አብሯቸው አለ። «ሙዚቃዊ ስልት» የዚህ ሸክላ ነው። ዛሬ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። እዚህ ግን የብዙዎቻችን ጆሮ ድምፃዊ ነው የሚፈልገው፤ መሣሪያ ብቻውን ሲመጣ በሬዲዮ ፕሮግራም መሐል የሚገባ ማጀቢያ ይመስለናል። ስማቸውን ሳናውቅ ዜማቸውን ስናንጎራጉር ኖረናል።

ከ«ቼ በለው» ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «ትዝታ» የሚባል ካሴት አላቸው። በ1978 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ጊዮን ሆቴል ውስጥ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀረጸ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይኼኛው ይበልጥብኛል፤ ልጆቹ ይቸኩላሉ፣ ችኮላው ያምርባቸዋል። የሚከራከረኝ ካለ ከምሳ በኋላ ያግኘኝ።

ዘመኑን አስቡት እስቲ። ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ ነው። ሂልተን የገባ እንግዳ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ መውጣት ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። የሌሊት ተረኛ ሆናችሁ ያደራችሁ ሁሉ ያ ሙዚቃ ለምን እንደማይቸኩል ይገባችኋል። ንጋት እስኪመጣ መሄጃ የለማ!

በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ ጋር አሜሪካ ለጉዞ ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስና ተማረ ተመልሰው እዚህ በዋልያስ ስም መጫወታቸውን ቀጠሉ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፣ በቃ። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ከዚያ መድረኩን ትቶ ታክሲ ነዳ። ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ያገኘውን ያንኑ ካሴት በ2013 እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ ማለት ነው። ጋሽ ኃይሉ ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ ተመልሶ አዳዲስ አልበሞች አውጥቷል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከመሐላችሁ አንዲት ጓደኛዬ አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ እሷ ታውቃለች። የዶርም ጓደኛዬ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆለታ ይዣት እመጣና አባቴ በኤንትሬው ያንሸራሽረናል፤ ያን ካሴት ከኔ በላይ የወደደችው እሷ ናት። ከተመረቅን በኋላ እንደምትሄድ ስትነግረኝ፣ በስንብቷ ግብዣ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ክፉ ቃል ተናገርኳት። «የድሃ ገንዘብ ያስተማረሽን ለነጭ ልትሸጪው ነው» አልኳት። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። ከዋልያስ የቀሩትን አራቱን ግን አንድም ቀን በክፉ አስቤያቸው አላውቅም። ይህን ማስተዋል የጀመርኩት በኋላ ነው።

ከዚያ አባቴ ስትሮክ መታው። ግራ አንጎል፣ ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ የሚባለው ይገባዋል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ምርመራውን እናንተ በልባችሁ ጨርሳችሁታል። እኔ ሐኪሟ ልጁ አጠገቡ ተቀምጬ «ውኃ በል፣ አባዬ፣ ውኃ» እላለሁ፤ እሱ ያለቅሳል። ካሴቱን ማጫወቻው ከበላው ዘመን የለውም። ከባቻችን ልጆች አንዱ ለጓደኛዬ ነግሯት ኖሮ አንድ ማታ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችም። «ሙዚቃዊ ስልት» ነበር።

ስልኩን ትራሱ ላይ አደረግሁለት። የሳክስፎኑ መስመር ሲገባ አባቴ አፉን ዘግቶ አብሮ አዜመ። አንድም ሳይስት። በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን እየመታ። ዜማ በቀኙም አንጎል በኩል መንገድ እንዳለው ተምረናል፣ ፈተናም ወስደንበታል፤ ቢሆንም ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ቃል ኖሮበት ቢሆን ምናልባት ቃሉን ፈልጎ ያጣው ነበር። ከዚያ በኋላ በዜማው ላይ እያስቀመጥን ሦስት ቃላት መለስን፦ ውኃ፣ ነይ፣ ይበቃል። ሁለት ዓመት በእነዚያ ኖረ።

ለጓደኛዬ ያን ዕለት የመለስኩላት «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ይቅርታ አላልኩም። በስልክ የሚባል አልመሰለኝም። ክፉውን ሰው እየሰማ ነው የተናገርኩት፤ ስለዚህ ይኸው ዛሬ ሰው እየሰማ፦ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

በሻንጣዋ ይዛው የመጣችው እንደገና የታተመው «ቼ በለው» ነው። «እባክሽ ታረቂኝ» የሚባለው ዜማም እዚያው ላይ አለ፤ እኔ አይደለሁም ያስገባሁት፣ በ1977ም ነበረ። ማጫወቻውን ከጎረቤት ተውሻለሁ። መርፌው ትንሽ ይዘላል።