ግዴታ ውስጥ ያለ ምርጫ

ሐዴራ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል ያለች፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) የሚኖሩባት የእስራኤል የባሕር ዳር ከተማ ናት። እዚህ 18 ዓመት የሞላው ወጣት ልዝመት አልዝመት ብሎ አያወጣም አያወርድም፤ ሕጉ ያስገድደዋል። ምርጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ተዋጊ ክፍል ወይስ ቢሮ?

ሃይማኖተኛ ሴቶች ግን ነፃ መሆን ይችላሉ፤ ብዙዎቹ በምትኩ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ብሔራዊ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከእነሱ መካከል መለዮውን የለበሰች ልጅ ወዳ ፈቅዳ ነው።

ግዴታ ቢሆንም ወጣቶቹ አገልግሎቱን የሚፈልጉት ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ቢነገር ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አገልግሎቱን የጨረሰ ወጣት ለትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ ወይም ለቤት መግዣ የሚያውለው ገንዘብ ይቀመጥለታል። ኑሮ ለከበደው ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

ሌላው ባለአገርነትን ማስመስከር ነው። የብዙዎቹ ወጣቶች ወላጆችና አያቶች እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ መጡ፤ በዚያ ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓጉዟል። ልጆቹ «እኛም የዚህ አገር ነን» የሚሉት በመለዮው ነው።

መለዮው ግን ሁልጊዜ አያስከብርም። በ2015 በሆሎን ከተማ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በፖሊሶች ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ሺዎች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ።