ስለ ራዲዮ ሁካታና ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቻችን ደኅንነት

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል።)



ዛሬ የምንናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ጠብ ነው። በታችኛው ረድፍ የሚኖሩት እማማ ባለ መካከለኛና ባለ አጭር ሞገድ አሮጌ ራዲዮ እንዳላቸው ታውቃላችሁ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ራዲዮው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኽ ጀመር። ዜና የለ፣ ዘፈን የለ፤ ጉርምርምታ ብቻ። እማማም አቤቱታቸውን ለማኅበሩ አቀረቡ። ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም፤ ከቤታቸው ጀርባ ብየዳ ቤት አለ። ብየዳ ሲበየድ ራዲዮ እንደሚንጫጫ ማን የማያውቅ አለ? ስለዚህ ብየዳ ቤቱን የሚያሠራውን ወጣት ጠርተን ከ11 ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ ነገርነው። ወጣቱ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ቢል ሰሚ አላገኘም። ሁለት ሳምንት የማታ ሥራውን አቆመ።

በዚህ መካከል እሑድ መጣ። ብየዳ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ራዲዮው እንደተለመደው ጮኸ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ማፈር የጀመርነው።

በማግሥቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ይዘን ወጣን። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ራዲዮኑን በመካከለኛው ሞገድ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ማድረግና ድምፁን ከፍ አድርጎ መሄድ ነው። ወደ ምንጩ ሲጠጉ ጩኸቱ ይበረታል። ራዲዮኑን በእጅ ላይ ሲያዞሩትም ጩኸቱ ድንገት የሚቀንስበት አቅጣጫ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የራዲዮኑ ረጅም ጎን ብዙውን ጊዜ ምንጩ ወዳለበት ያመለክታል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው የአንቴና ዘንግ በዚያው በኩል ስለተጋደመ ነው። የመብራቱ ሽቦ ራሱ አብሮ ስለሚጮኽ ግን ይህ ሁልጊዜ አያስተማምንም። እኛም በየቤቱ እየገባን፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ ከቆጣሪው ላይ መብራት እያስጠፋን ፈተሽን። በአሥራ አንድ ቤት አልተገኘም። በመጨረሻ ራዲዮው እጅግ የጮኸው የት ይመስላችኋል? እዚሁ፣ አሁን በተቀመጥንበት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ።

ለግቢው መብራት ብለን ያስገጠምናትን ባለ 12 ቮልት የብረት የኃይል ሣጥን ታስታውሱ ይሆናል። ዘበኛችን በየማታው 12 ሰዓት ላይ ያበራታል። ሌላም ነገር አለ፤ እሱንም ሳንደብቅ እንናገር። ዘበኛችን ክረምት ላይ «ይቺ ሣጥን ትነዝረኛለች» ብሎን ነበር። እጅህን አድርቀህ ንካት ብለን ስቀን አለፍነው። የእማማ ራዲዮና የዘበኛው ንዝረት ከአንድ ጉዳይ የመጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ አላሰብንም። የዛሬው ንግግራችን ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የድሮ ራዲዮኖችና ቴፖች ይህን ዝቅ የሚያደርጉት በከባድ ትራንስፎርመር ነበር፤ ክብደቱ ብረትና መዳብ ስለሆነ ዋጋውም ያንኑ ያህል ነው። የአሁኖቹ የስልክ ቻርጀሮች፣ የኮምፒዩተርና የአምፖል ኃይል ሰጪዎች ግን በሌላ መንገድ ይሠራሉ። መጀመሪያ 220ውን አቅንተው 310 ቮልት ገደማ የሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። ከዚያ አንድ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን 310 ቮልት በሰከንድ ከ60,000 እስከ 100,000 ጊዜ ያህል ይቆራርጠዋል። በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ትራንስፎርመሩ የክብሪት ቀፎ ቢያክል ይበቃዋል። ቻርጀር በኪስ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መቆራረጥ ጩኸት አለው። በጆሮ አይሰማም እንጂ በሽቦ ይሰማል። 65,000 ጊዜ የሚቆርጥ መሣሪያ በ65 ኪሎ ኸርዝ ብቻ አያበቃም፤ እጥፍ በእጥፍ እየወጣ 130፣ 195 እያለ ይቀጥላል፤ አሥረኛው 650 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የመካከለኛው ሞገድ ራዲዮ ደግሞ ከ530 እስከ 1,600 ኪሎ ኸርዝ ገደማ የሚገኝ ነው። የቤታችን ሽቦ ከጎረቤት ሽቦ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጩኸቱ አጥር አያግደውም። ራሱ ሽቦውም እንደ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል።

ይህ የእኛ ሠፈር ጉድ ብቻ አይደለም። የራዲዮ ሥርጭት ገና እየተስፋፋ ሳለ ችግሩ በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲስፕር የሚባል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሥራውም አንድ ዕቃ ምን ያህል ቢጮኽ ይፈቀድለታል የሚለውን መወሰን ነው። እስከ ዛሬም ይሠራል። ቢሆንም ዕቃ ያረጃል፣ ይበላሻል። በዌልስ አገር አበርሆሳን በምትባል መንደር ለ18 ወራት ያህል በየጧቱ 1 ሰዓት ላይ የሰው ሁሉ ኢንተርኔት ይጠፋ ነበር። የስልክ መሐንዲሶች ኬብሉን ሳይቀር ለወጡ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ መለኪያ ይዘው በጧት በዝናብ መንደሯን ሲዞሩ ከአንድ ቤት የሚወጣ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጩኸት አገኙ። አንድ ያገለገለ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር፤ ባለቤቱ በየጧቱ 1 ሰዓት ይከፍተው ነበር። ነገሩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሰውየው እጅግ ማፈሩንና ሁለተኛ እንደማይከፍተው ቃል መግባቱን ሰምተናል። እኛስ አሁን ምን እያደረግን ነው?

ወደ ሣጥናችን እንመለስ። በደንብ የተሠራ ኃይል ሰጪ ከመግቢያው ላይ ማጣሪያ አለው። አንደኛው በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅልል ነው፤ ዋናውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ጩኸቱን ግን ይይዛል። ሌሎቹ ኮንደንሰሮች ናቸው፤ የአሁኖቹ ልጆች ካፓሲተር ይሏቸዋል። ከነዚህ መካከል ዋይ የሚባል ዓይነት አለ። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው። ሥራው ጩኸቱን ወደ ብረት አካሉና ወደ መሬት ሽቦ፣ በስልክ ቻርጀር ላይ ደግሞ ከ220ው ወገን ወደ ስልኩ ወገን የሚሻገረውን ወደ መጣበት መመለስ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህች ሽምብራ አንድ እግሯ 220 ቮልት ላይ፣ ሌላ እግሯ የሰው እጅ በሚነካው ብረት ላይ ነው። ጩኸትን የምታበርደውም፣ በእኛና በግድግዳው ኤሌክትሪክ መካከል የቆመችውም እሷው ናት። ዕቃውን የሚሠራ መሐንዲስ እዚህ ላይ በሁለት ወገን ይጎተታል። ኮንደንሰሯን ተለቅ ቢያደርጋት ጩኸቱ ይቀንስለታል፤ ነገር ግን በእሷ በኩል ወደ ሰው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ቢያሳንሳት ሰው አይነዘርም፤ የጎረቤት ራዲዮ ግን ይጮኻል። በተለምዶ የሚገባው 2.2 ናኖ ፋራድ መጠን ያለው ሲሆን፣ በ220 ቮልት ሲሰላ የሚያሳልፈው 0.15 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። ሰው መንዘሩን የሚሰማው ከ0.5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻ ይጨብጥና የያዙትን መልቀቅ ያስቸግራል። ስለዚህ የቀረው ሥራ ለጥቅልሉ ይተዋል፤ ጥቅልል ደግሞ መዳብ ነው፣ መዳብ ገንዘብ ነው።

እውነተኛዋ ዋይ ኮንደንሰር ብትበላሽ እንኳ እንዳትገናኝ፣ ማለትም ሁለቱ እግሮቿ እንዳይጋጠሙ ተደርጋ የተሠራች ናት። ለዚህም በብዙ ሺህ ቮልት ትፈተናለች። ተራዋ ኮንደንሰር ግን ስትቃጠል ልትጋጠም ትችላለች። ያን ጊዜ 220ው እንዳለ ብረቱ ላይ ይወጣል።

ሣጥኗን ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ ጥቂት አቆይተን ከፈትናት። ጥቅልሉ የሚቀመጥበት ቦታ በሰሌዳው ላይ በነጭ ቀለም ተሥሏል፤ ቀዳዳዎቹም አሉ። ጥቅልሉ ግን የለም፤ በቦታው ሁለት ቁራጭ ሽቦ በጥሷል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ሥራውን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያወጣው ከሱ በኋላ የመጣ ገንዘብ ቆጣሪ ነው። በዋይዋ ቦታ ደግሞ ምንም ምልክት የሌለባት ተራ ቡናማ ኮንደንሰር ተበይዳለች። ሻጩን ብቻ ግን አንወቅስም። ሣጥኗ የመሬት ሽቦ ማሠሪያ አላት፤ ብሎኑ እንደ ታሸገ ነበር። ስናስገጥማት «ቤቱ መሬት ስለሌለው ይቅር» ያልነው እኛው ነን። የብረት አካል ያላቸው ዕቃዎች ሲነደፉ የመሬት ሽቦ አለ ተብሎ ታስቦ ነው፤ በዚህ ሒሳብ እስከ 3.5 ሚሊ አምፔር እንዲያፈሱ የሚፈቅድ ደንብ አለ። የመሬቱ ሽቦ ከሌለ ያ ኤሌክትሪክ መንገድ አጥቶ የሚጠብቀው ሰው ነው። በየቤታችሁ የኮምፒዩተር ሣጥን ስትነኩ እጃችሁን ውርር የሚያደርጋችሁ ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። የስፒናውን የመሬት እግር በመጋዝ የሚቆርጡም አሉ፤ ሶኬቱ አልገባ ሲላቸው። እባካችሁ።

ስለ ስልክ ቻርጀር አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም ልጆች የሚይዙት እሱን ነው። በውስጡ የ220ው ወገንና የስልኩ ወገን በሰሌዳው ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው። ተከፍተው ካየናቸው ርካሽ ቻርጀሮች መካከል ክፍተቱ የምስማር ውፍረት የማያህል ነበረባቸው። እርጥበትና ጉንዳን ከገባ ያን ክፍተት መሻገር አያቅተውም። ስልኩ በቻርጀር ላይ እያለ፣ በተለይም በርጥብ እጅና በባዶ እግር፣ ለልጅ አትስጡ።

ምልክቱስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ካሬ በካሬ ውስጥ ያለበት ምልክት፣ ዕቃው ድርብ መከለያ ስላለው የመሬት ሽቦ አይፈልግም ማለት ነው። ሲ.ኢ. የሚለው የአውሮፓ ምልክት ደግሞ በአብዛኛው አምራቹ ራሱ «ደንቡን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ነው፤ ለጩኸት የወጣው ደንባቸው በዚያ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነው። ቁምነገረኛ አምራች ከመለጠፉ በፊት በሽቦ የሚሄደውን ጩኸት ከ150 ኪሎ ኸርዝ እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ሞገድ በማያስተጋባ ክፍል ወይም በገላጣ ሜዳ በአንቴና ያስለካል። ሌላው ቀለም ገዝቶ ያትማል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለመገናኛ መሣሪያዎች የዓይነት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ የእኛ ሣጥን ግን መገናኛ መሣሪያ አይደለችም። ስለዚህ ሚዛን የሚሆነን የገዛ እጃችን ነው፤ በእጅ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ኃይል ሰጪ፣ በእውነትም ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን የተደረገውን እንንገራችሁ። ሣጥኗ ተነሥታ ማጣሪያ ባላት ተተክታለች። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠርተን በግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀብረናል፤ የመሬት ሽቦውም ታሥሯል። ለዘበኛችን ይቅርታ ጠይቀናል። የእማማ ራዲዮ አሁንም ጥቂት ይንሾካሾካል፤ ምንጩ ከላይኛው ረድፍ ይመስለናል። በባትሪ የምትሠራው ትንሿ ራዲዮ በጸሐፊያችን እጅ ስለምትገኝ ቤቱን መፈተሽ የሚፈልግ ሁሉ ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ዕቃ መክፈት ግን ለባለሙያ ይተው፤ 310 ቮልቱ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

የቀረው የብየዳ ቤቱ ወጣት ጉዳይ ነው። ከሽማግሌዎች ጋር ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እሱም ሻይ አፍልቶ አስተናግዶናል። ሆኖም የሁለት ሳምንት የማታ ሥራ ቀርቶበታል፤ አንድ የበር ሥራም በዚያ ሳቢያ ወደ ሌላ ሠፈር እንደሄደበት ነግሮናል። ማኅበሩ ከመዋጮው ይካሰው የሚል ሐሳብ ይዘን መጥተናል። ሻይ ከመቅረቡ በፊት እጅ አውጥታችሁ እንድትወስኑበት እንጠይቃለን።