ዳገትና ቁልቁለት በበዛባት ከተማ እንግዳን ስለ ማስጐብኘት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የጉብኝት ክበብ የቀረበ ንግግር)





በዛሬው የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ክበባችን ከፍ ያለ ምስጋናውን ያቀርባል። ንግግራችንን በአማርኛ ያደረግነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የሚነካው ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን ስለሆነ፣ በአስተርጓሚ ሳይሆን በገዛ ጆሯቸው ይሰሙት ዘንድ ስለ ወደድን ነው።

የምንናገረው ስለምንኖርባት ስለ ሃይፋ ከተማና እንግዳን በእርሷ ውስጥ እንዴት ማስጐብኘት እንደሚገባ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «እዚሁ የሚኖር ሰው ምን ጉብኝት ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ከአያቶቻችን አንዳንዶቹ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹም በግንቦት ወር 1991 በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ከገቡ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከተማይቱን የሚያውቋት ከቤት ወደ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ጸሎት ቤት በሚወስደው መንገድ ብቻ ሁኖ አገኘነው። ባሕሩን በመስኮት ያዩታል፤ ዳሩ ግን ማንም እጃቸውን ይዞ «ይኸ እንዲህ ነው፣ ያም እንዲያ ነው» ብሎ አላሳያቸውም። ስለዚህ ክበባችን የመጀመሪያ እንግዶቹ የገዛ ሽማግሌዎቹ እንዲሆኑ ወሰነ።

አሁን የከተማይቱን አቀማመጥ በአጭሩ እንግለጥ። ሃይፋ የተሠራችው በመጽሐፍ ቅዱስ ከነቢዩ ኤልያስ ስም ጋር ተያይዞ በምናውቀው በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ነው። ተራራው ከሁሉ ከፍ ባለው ጫፉ 546 ሜትር ይሆናል። ከተማይቱን በሦስት እርከን ብንከፍላት ለመረዳት ይቀላል። በታች በ1933 የተከፈተው ወደብና የታችኛው ከተማ፣ በመካከል ሃዳር የሚባለው ሰፈር፣ በላይ ደግሞ የካርሜል ሰፈሮች ይገኛሉ። እርከኖቹን የሚያገናኙ ጠመዝማዛ የመኪና መንገዶችና በቤቶች መካከል የሚያልፉ እጅግ ብዙ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ።

በመጀመሪያው ጉብኝታችን የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገራለን። ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘረጋን፤ በማስመሪያ ለካን፤ ከታችኛው ከተማ እስከ ላይኛው ካርሜል ያለው መንገድ አጭር ሁኖ ታየን። በአንድ ጧት ስምንት ቦታዎች ለማሳየት ፕሮግራም አወጣን፤ ለእያንዳንዱም ቦታ ረጅም መግለጫ በቃላችን አጠናን። ካርታው ግን ርቀትን እንጂ ከፍታን አይናገርም። ማስመሪያም ትንፋሽ የለውም።

ጉዞው በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ ተበጣጠሰ። እኛ ከፊት ሁነን ስናብራራ፣ አዛውንቶቹ ከኋላ ቀርተው ነበር። ከእነርሱም አንዲት እናት በደረጃው መካከል ተቀምጠው አገኘናቸው። ከእኛ አንዱ ቀረብ ብሎ፣

«እማማ፣ ደከመዎት እንዴ? አይዞዎት፣ ጥቂት ብቻ ነው የቀረን» አላቸው።

እርሳቸውም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ጥቂት የምትለው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ላይ?» ሲሉ መለሱለት።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ከስምንቱ ቦታዎች ሦስቱን ብቻ አሳይተን፣ እንግዶቻችንን በአውቶቡስ ወደየቤታቸው መለስን። እጅግም አፈርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጉባዔ አደረግን። አዲስ ሐሳብም አገኘን ብለን ደስ አለን፤ ይኸውም ጉብኝቱን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች በመውረድ መፈጸም ነው። ነገር ግን ዳግመኛ እንዳንሳሳት እኒያን እናት ከጉባዔያችን እንዲገኙልን ለመንናቸው። ሐሳባችንን ከሰሙ በኋላ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፦

«ዳገት ትንፋሽ ይወስዳል፣ ቁልቁለት ጉልበት ይወስዳል። ትንፋሽ ጥቂት ሲያርፉ ይመለሳል፤ የሽማግሌ ጉልበት ግን አይመለስም። በአገራችን ተራራን የሚያውቅ ሰው ጐኑን ይዞ ይዞራል እንጂ ፊት ለፊት አይጋፋውም።»

ቀጥለውም ስለ ስግድ በዓል አጫወቱን። በመንደራቸው ሕዝቡ ጾሞ፣ ቄሶቹን ተከትሎ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ እናታቸው የደከሙትን ከፊት ያስቀድሙ እንደ ነበረ ነገሩን። «ደካማ ከኋላ ከሆነ ማን ያየዋል?» አሉን። ያን ቀን እኛ አስጐብኚዎች የተባልነው ልጆች ተማሪዎች ሁነን፣ እርሳቸው መምህር ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ክበባችን የሚከተላቸው አራት ደንቦች ከዚህ ምክር የተገኙ ናቸው።

አንደኛው ደንብ፣ ከቦታው በፊት እንግዳውን መጠየቅ ነው። ምን ማየት ይወዳሉ? ደረጃ መውጣት ይችላሉ? መድኃኒት የሚወስዱት በስንት ሰዓት ነው? ሰንበትን ለሚያከብሩ አባቶችና እናቶች ጉብኝቱ በሰንበት መሆን እንደማይገባው የታወቀ ነው። የሰልፉ ፍጥነትም በደካማው እርምጃ ይወሰናል።

ሁለተኛው ደንብ፣ በተራራው ጐን በእግር መሄድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን በመኪና ወይም በባቡር መጓዝ ነው። ለዚህ ከተማችን መልካም መሣሪያ አላት። ይኸውም በ1959 የተከፈተው፣ ካርሜሊት የሚባለው፣ ከመሬት በታች በገመድ የሚሳብ ባቡር ነው። መንገዱ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከታች እስከ ላይ 274 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ስድስት ጣቢያዎችም አሉት። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ በመካከልም ይተላለፋሉ። እንዲህም ሲሆን የሚወርደው ለሚወጣው ኃይል ይረዳዋል። ሆኖም ጣቢያዎቹ እንደ ተራራው ተዳፋት ስለሆኑ በውስጣቸው ደረጃ አለባቸው፤ ስለዚህ አስጐብኚው አስቀድሞ ሄዶ መግቢያውንና መውጫውን ማየት ይገባዋል። በ2022 የተከፈተው፣ ከወደቡ ሰላጤ በኩል ወደ ቴክኒዮንና ወደ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው በአየር ላይ የተንጠለጠለ የገመድ መጓጓዣም እንዲሁ ለአዛውንት የሚመች ነው።

ሦስተኛው ደንብ፣ ጥላን፣ ውኃን፣ መቀመጫንና መጸዳጃ ቤትን እንደ ዋና የጉብኝት ቦታዎች ቈጥሮ በፕሮግራሙ ላይ መጻፍ ነው። በበጋ ወራት ጉዞው ፀሐይ ሳይበረታ በጧት ይጀመራል። በ2024 እና በ2025 ከተማችን በሮኬትና በሚሳይል በተመታች ጊዜ ደግሞ ሌላ ትምህርት ተምረናል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ የቅርቡ መጠለያ የት እንደሆነ፣ አዛውንት በስንት ደቂቃ እንደሚደርሱበት አስጐብኚው ማወቅ አለበት።

አራተኛው ደንብ፣ ጥቂት መናገር፣ የተናገሩትንም እውነት ማድረግ ነው። የሚያምረውን ብቻ ማሳየት ማስጐብኘት አይባልም። ለምሳሌ ዋዲ ሳሊብ የሚባለው ሰፈር እስከ 1948 የዓረቦች መኖሪያ ነበረ። ነዋሪዎቹ በጦርነቱ ከለቀቁ በኋላ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ አይሁድ ገቡበት። እነርሱም በሐምሌ ወር 1959 ስለ ድህነትና ስለ አድልዎ ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ካርሜሊት የተከፈተው በዚያው ዓመት መሆኑን ስንናገር፣ ከተማ በአንድ ዘመን ባቡርም ኅዘንም ሊኖራት እንደሚችል እንግዳው ይረዳል። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ዝም ብለው አያልፉትም፤ ሁሉም በየልቡ የሚያስታውሰው ነገር አለውና።

በእነዚህ ደንቦች መሠረት ሁለተኛውን ጉብኝት አዘጋጀን። ስምንቱን ቦታዎች ወደ ሦስት ዝቅ አደረግናቸው፤ ለእያንዳንዱም እርከን አንድ ደልዳላ የእግር መንገድ መረጥን። በላይ ከካርሜሊት የመጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለው መናፈሻ ወጥተን፣ በተራራው አናት በሚዘልቀው መመልከቻ መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደቡና ሰላጤው፣ ከማዶም አኮ የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ይታያሉ። በመካከል በሃዳር በሄርጽል መንገድ ጥቂት ተጉዘን፣ በ1912 የመሠረት ድንጋይ የተጣለለትን የቀድሞውን የቴክኒዮን ሕንፃ ጐበኘን፤ ዛሬ የሳይንስ ሙዚየም ነው። በታች ደግሞ ቴምፕላር የሚባሉ ጀርመኖች በ1869 በመሠረቱት ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

በዚህ ዓይነት 19 እርከኖች ያሉትን የባሃኢ አትክልት ቦታ፣ በ1953 ከተፈጸመው ባለ ወርቅ ቀለም ጕልላት ጋር፣ እንግዶቻችን አንዱን ደረጃ እንኳ ሳይረግጡ ሁለት ጊዜ አዩት፤ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜም ከታች ወደ ላይ። ማንም ወደ ኋላ አልቀረም።

በላይኛው መመልከቻ ላይ ሳለን፣ ያጠናነውን መግለጫ ልንጀምር ስንል፣ እኒያ እናት በእጃቸው ዝም እንድንል አመለከቱን። ባሕሩን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «የመጣሁበት አገር በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ወደ ደቡብ አመለከትናቸው። ያን ጊዜ ስለ ሱዳን መንገድ፣ በመንገድም ስለ ቀሩት ሰዎች፣ ለልጆቻቸው እንኳ አውርተውት የማያውቁትን ነገር አወሩን። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ታዳምጥ ነበር። እኛ ቦታ ልናሳያቸው ወሰድናቸው፤ እርሳቸው ግን በዚያ ቦታ ላይ ያለፈውን ዘመናቸውን አሳዩን።

ክቡራን ወላጆቻችን! በዚህ አገር እኛ ልጆቻችሁ ቋንቋውን ቀድመን ስለ ተማርን፣ በቢሮና በሐኪም ቤት አስተርጓሚዎቻችሁ ሁነናል። ይኸ ነገር አንዳንድ ጊዜ እናንተን እንደሚያሳፍር፣ እኛንም እንደሚያስታብይ እናውቃለን። ጉብኝቱ ያስተማረን ግን ከፊት የሚሄድ ሁሉ መንገድ አዋቂ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ከፊት እንድትሄዱልን እንለምናችኋለን።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ! በሚመጣው ዓመት ክበባችን ሦስተኛ ጉብኝት ያዘጋጃል። ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ ቀን ማጥናት አይደለም። እያንዳንዳችሁ አንድ አያት ወይም አንዲት አያት ይዛችሁ ኑ፤ ጉልበታቸውንም ጠይቃችሁ ኑ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከተማችንንም ቀስ በቀስ፣ ጐኗን ይዘን፣ አብረን እናያታለን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለሽማግሌዎቻችን ጤና እንመኛለን።